የእድራችን ድንኳን ዜና ላይ የወጣ ዕለት

ባለፈው እሁድ ከሰዓት ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ውስጥ፣ ድንኳን ሥር ተቀምጠን ሽብርተኛ ስንዳኝ ዋልን... ሽብርተኛው አጠገቤ ተቀምጦ ውሃ ይጠጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንድ የእድራችን አባል አባት አገር ቤት አርፈው፣ ሰልስቱ አልቆ ለቀስተኛው ሄዷል። እኛ ኮሚቴዎቹ ድንኳኑን ለማፍረስ ቀርተናል። ድንኳኑን ሁልጊዜ የሚያመላልሰው ጀማል ነው። ኢስሊ ጨርቅ ይነግዳል፣ ሳውዝ ሲ ተከራይቶ ይኖራል፣ ፒክአፑ ደግሞ ከሱቁ ይልቅ ለእድሩ ትሠራለች።

ሰብሳቢያችን ጋሽ ሙሉጌታ ባርኔጣቸውን አስተካክለው ስልካቸውን አወጡ።

«ከማፍረሳችን በፊት አንድ አስቸኳይ አጀንዳ አለ» አሉ፣ ጀማልን ሳያዩ።

ስልኩ ላይ የጀማል ፎቶ አለ። ፊቱ በቀይ ክብ ተከቧል፤ በሸራ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ትከሻው ላይ ተሸክሟል። ርዕሱ «በናይሮቢ የሽብር ቡድን የጦር መሣሪያ ሲጭን ተያዘ» ይላል። ተያዘ የተባለው ሰውዬ የውሃ ጠርሙሱን መሬት አስቀመጠ።

ይሄ ጋሽ ሙሉጌታ የሚከታተሉት የዜና ጣቢያ ነው፤ የአገር ቤት መንግሥት ሲያስነጥሰው ቀድሞ «ይማርህ» የሚለው። ጸሐፊያችን እትዬ አስካለ ደግሞ የሚያዩት የተቃዋሚዎቹን ነው። እሳቸውም ስልካቸውን ዘረጉ። ያው ፎቶ፣ ያው ቀይ ክብ... «መንግሥት ስደተኞችን ለማሸበር የላከው ገዳይ ቡድን የጦር መሣሪያ ሲያራግፍ»።

አንዱ ሲጭን፣ ሌላው ሲያራግፍ። ልዩነታቸው ይቺው ናት።

«የእኔ ጣቢያ ሳያጣራ አይለቅም» አሉ ጋሽ ሙሉጌታ።

«የእርስዎ ጣቢያ የሚያጣራው ማን እንደደወለለት ነው» አሉ እትዬ አስካለ።

«ያንቺስ? አምና ሞተ ያለው ሰውዬ ትናንት ቃለ መጠይቅ ሰጠ እኮ።»

«ለማን? ለእርስዎ ጣቢያ። ታዲያ ማን ያምነዋል?»

እዚህ ላይ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ ሁለቱ ከተጣሉ ጀማል ይተርፋል ብዬ። ጋሽ ሙሉጌታ ግን ትንሽ አሰቡና፣ «ቢሆንም እነዚህ ሁለት ጣቢያዎች ዝናብ መዝነቡ ላይ እንኳን ተስማምተው አያውቁም። በአንድ ሰው ላይ ከተስማሙ አንድ ነገር አለ ማለት ነው» አሉ። እትዬ አስካለ ራሳቸውን ነቀነቁ። አብረው ኮሚቴ ከሆኑ ጀምሮ የተስማሙበት የመጀመሪያ ጉዳይ ይሄ ነው።

ሐሳብ ቀረበ... ጀማል «ነገሩ እስኪጣራ» ከእድሩ ይታገድ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የድንኳኑ ብረት ነው» አለ ጀማል፣ ከራሳችን በላይ እየጠቆመ።

«እሱ ያንተ አስተያየት ነው።»

ሁላችንም ቀና ብለን የጦር መሣሪያውን አየነው። ከፀሐይ ከልሎን ቆሟል።

ጀማል አልተቆጣም። «ትናንት አከራዬን ሰው ፎቶውን አሳይቶታል» አለ። «እድራችሁ ያውቅሃል፣ እነሱ ስላንተ የሚሉትን አጽፈህ አምጣልኝ ብሎኛል። እናንተ ካገዳችሁኝ ነገ ቤት የለኝም፣ ከነገ ወዲያ ፖሊስ ነው። አግዱኝ... ግን ቃለ ጉባኤው ላይ ምክንያቱ ይጻፍልኝ። የእድሩን ድንኳን ተሸክሞ ስለተገኘ ተብሎ። እትዬ አስካለ፣ ይጻፉ።»

እትዬ አስካለ እስክሪብቶ አነሱ... አልጻፉም።

እኔ ሁርሊንግሃም ምግብ ቤት ሽንኩርት ከታፊ ነኝ፤ ዜና እንድተነትን የሾመኝ የለም። ቢሆንም ስልኩን ተቀብዬ ፎቶውን አሰፋሁት። ፎቶው የተቆረጠበት ጠርዝ ላይ፣ የብረቱን ሌላ ጫፍ የያዘ አንድ እጅ አለ። አውራ ጣቱ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል። ቢላ የቆረጠውን የራሴን አውራ ጣት ከነፋሻው ስልኩ አጠገብ ደቀንኩ።

«ክቡራን ኮሚቴዎች፣ ግብረ አበሩ እኔ ነኝ።»

«አንተም አለህበት?» አሉ እትዬ አስካለ፣ ከልባቸው ደንግጠው።

«አለሁበት። ዓርብ ጠዋት ድንኳኑን ስንጭን ነው። አሁን ደግሞ መሬቱን ይዩልኝ።»

ጀማል እግር ሥር የፎቶ አንሺው ጥላ ወድቋል። ጥላው ባርኔጣ አድርጓል... ሰፊ፣ አንድ ጎኑ የተንጋደደ።

ጋሽ ሙሉጌታ ድንኳን በተጫነ ቁጥር ፎቶ አንስተው የእድሩ ገጽ ላይ ይለጥፋሉ፤ አባላት እድሩ መድረሱን እንዲያዩ። ሁለቱም ጣቢያዎች «ከታማኝ ምንጭ ደረሰን» ያሉት ከዚያ አንስተው ነው።

ሁሉም ወደ ባርኔጣው ዞረ። ጋሽ ሙሉጌታ ቀስ ብለው አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ማስረጃ ማጥፋት ይሉታል ይሄን።

«ጣቢያዎቹ እኮ እኔን አልጠየቁኝም» አሉ በመጨረሻ፣ ቅር ብሏቸው።

«እርስዎም ጀማልን አልጠየቁትም» አልኳቸው።

ጋሽ ሙሉጌታ ወደ ጸሐፊዋ ዞረው፣ «አስካለ፣ ጻፊ» አሉ። «ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሰውዬው የተሸከመው የእድራችንን ድንኳን ነው። ስሜን ከነአባቴ ጻፊው፣ ማኅተምም ይደረግበት። ለአከራዩ በእንግሊዝኛ ይሁን።»

ጀማል ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። አላመሰገነም፤ የሚመሰገንበትም አልነበረም። «ብረቱን በዚያ በኩል ማን ይይዝልኛል?» ብቻ አለ።

ጋሽ ሙሉጌታ ባርኔጣቸውን መልሰው አድርገው ተነሡ።

ጣቢያዎቹ ዜናውን እስከ ዛሬ ከገጻቸው አላወረዱትም። ስለዚህ የእድሩ ገጽ ላይ አዲስ ፎቶ ለጥፌላቸዋለሁ፤ ጋሽ ሙሉጌታ ከፊት፣ ጀማል ከኋላ፣ ፋሻ ያለበት ጣቴ ጥግ ላይ። ጣቢያዎች ሆይ፣ ቀዩን ክብ ግን በዚህኛው ሰፋ አድርጋችሁ ሳሉት... እድርተኛው ብዙ ነው።