አበልጆቹ የተወዳደሩበት ምርጫ

የከተማችንን የምርጫ ታሪክ ከኔ በላይ የሚያውቀው የቆርቆሮ አጥራችን ነው። እንጅባራን ጉም በማይለቃት ሰሞን ዝናቡ የላይኛውን ወረቀት ሲልጠው የታችኛው ብቅ ይላል፤ ከአንዱ ተወዳዳሪ ፊት ሥር የሌላው ጆሮ፣ ከጆሮው ሥር ደግሞ ስሙን ማንም የማያስታውሰው ሰውዬ ክራባት። ልጅ ሳለሁ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ቆም ብዬ አያቸው ነበር። ሁሉም ፈገግ ብለዋል። እናቴ «አጥሩን አጽዳው» ስትለኝ እሺ እላለሁ፤ አላጸዳውም።

እናቴ ታሪኩን የምትቆጥረው በሌላ ነው። ማን እንዳሸነፈ ብትጠይቋት ትዝ አይላትም። «ያኔ እንኳ ባለ ዳቦ ቤቱ ከወንድሙ ጋር የተኳረፈበት ነው» ትላለች። «ያኛው ደግሞ እነዚያ ጎረቤታሞች በር የተዘጋጉበት።» ለእሷ ምርጫ ማለት በየጊዜው ብቅ እያለ ሰውን ከሰው የሚያቆራርጥ በሽታ ነበር።

ስለዚህ አባቴ ለምክር ቤት በግል ሊወዳደር ነው ሲባል ፊቷ ጠቆረ። የባሰው ተከትሎ መጣ፤ ከአስፓልቱ ማዶ ያሉ ሽማግሌዎች ደግሞ የክርስትና አባቴን ለምነው ለዚያው ወንበር አስመዘገቡት። የክርስትና አባቴ ከጥምቀቱ ውኃ ስወጣ ያቀፈኝ፣ በዚያም የአባቴ አበልጅ የሆነ ሰው ነው። ሁለቱም ጡረታ የወጡ መምህራን ናቸው። በጎረምሳነታቸው «አንተ» ይባባሉ ነበር አሉ፤ እኔ ከተጠመቅሁ ወዲህ ግን «እርስዎ» እንጂ ሌላ ከአፋቸው አልወጣም። እኛ ዘንድ ከወንድም ተጣልቶ መታረቅ ያለ ነው፤ ከአበልጅ መጣላት ግን ነውር ነው።

«ብታሸንፍም ብትሸነፍም ግድ የለኝም» አለችው እናቴ። «ያ የአበልጅህ በር እንዳይዘጋብኝ ብቻ!»

የአባቴ ምልክት ፈረስ ሆነ፤ ለክርስትና አባቴ ጃንጥላ ደረሰው። አባቴ ሳቀና «አለቀልኝ በሉ! የከተማ ሰው ፈረስ የሚያምረው በጥር፣ በፈረሰኞቹ በዓል ነው፤ ጃንጥላ ግን እንጅባራ ላይ ማን ከእጁ ይለየዋል?» አለ።

ቅስቀሳው ሲጀመር ባጃጅ ላይ ሞንታርቦ ሰቅለን መዞር ያዝን። ከአስፓልቱ ማዶ ስንሻገር አባቴ «ዝጉት፣ የአበልጄ ሰፈር ነው» ይላል። ከዚያ በለቅሶ ቤት ደጃፍ እንደሚያልፍ ሰው አንገታችንን ደፍተን እናልፋለን። የነሱም ባጃጅ በእኛ በር ሲያልፍ እንደዚያው ዝም ይል ነበር። እኔ ከደጃፍ ቆሜ አየዋለሁ፤ የጃንጥላው ሥዕል ከጉሙ ውስጥ ይወጣል፣ ምንም ሳይል ተመልሶ ጉሙ ውስጥ ይገባል። በእውን ያየሁት አይመስለኝም ነበር።

በአዳራሹ ስብሰባ አንድ ሰው ተነሥቶ «ለምን እርስዎን እንምረጥ?» ብሎ አባቴን ጠየቀው። «እኔማ ምን አለኝ፤ አበልጄ ከኔ የተሻሉ ሰው ናቸው» ብሎ ቁጭ። አዳራሹ አጨበጨበ። ማዶም የክርስትና አባቴ ይህንኑ ስለ አባቴ እንደ ተናገረ ሰማን። ራሱን የሚያሞግስ ሰው እኛ ዘንድ አይወደድም፤ ቢሆንም እንዲህ ያለ ቅስቀሳ ሌላ አገር ያለ አይመስለኝም።

እኔ በንዴት እበግን ነበር፤ ምክንያቱም አባቴ ወንበሩን ከልቡ እንደሚፈልገው አውቃለሁ። ማለዳ ማለዳ ጓሮ ወጥቶ፣ ከዲከረንሱ ዛፎች ሥር ቆሞ፣ «ክቡር አፈ ጉባኤ» እያለ ሲለማመድ በመስኮት እሰማዋለሁ። ስለ ከተማችን ውኃ ይናገራል፣ ይሳሳታል፣ ከ«ክቡር አፈ ጉባኤ» እንደገና ይጀምራል። ጉሙ እግሩን ስለሚሸፍነው ከመሬት ከፍ ብሎ የቆመ ይመስል ነበር። እንደዚያን ጊዜ አባቴን ወድጄው አላውቅም።

የምርጫው ዕለት ሰልፉ ከትምህርት ቤቱ በር አልፎ መንገዱ ላይ ተጠማዝዞ ነበር። ሰው በጋቢው ተጀቡኖ፣ በአማርኛም በአገውኛም እያንሾካሾከ ይጠብቃል። እኔ ስመርጥ የመጀመሪያዬ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ብቻዬን ስቆም የውጭው ድምፅ ሁሉ ራቀ። ፈረሱና ጃንጥላው ጎን ለጎን ናቸው፤ ከሥራቸው ብዙም የማናውቀው የሦስተኛው ተወዳዳሪ ምልክት፣ ሰዓት። ምን ያህል እንደ ቆየሁ አላውቅም። የክርስትና አባቴን እወደዋለሁ፤ ጆሮዬ ውስጥ የነበረው ግን «ክቡር አፈ ጉባኤ» ነው። ፈረሱን መረጥሁ።

ውጤቱ በየጣቢያው በር ላይ ተለጠፈ። ያሸነፈው ሰዓቱ ነበር። ይህስ ባልከፋ፤ በእኛ ሰፈር ጣቢያ ጃንጥላው ፈረሱን እጥፍ ድርብ በልጦታል። ከአስፓልቱ ማዶ ባለው ጣቢያ ደግሞ ፈረሱ ጃንጥላውን ጥሎት ሄዷል። ሁለቱም በገዛ ደጃፋቸው ተሸንፈው በአበልጃቸው ደጃፍ በልጠዋል። ሰዉ የሰማውን ነበር ያደረገው። አባቴ አበልጄ ይሻላሉ አለ፤ ጎረቤቶቻችንም ያከበሩት መስሏቸው አበልጁን መረጡለት። እሱ ግን ያንን ሲናገር እንዲያምኑት ብሎ አልነበረም።

«የገዛ ጎረቤቶቼ!» አለ።

«አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አለች እናቴ፣ ልታስቀው ብላ። አልሳቀም። ከቤት መውጣት አቆመ። የክርስትና አባቴም አልመጣ። ክረምቱ ገባ፣ ዝናቡ ቀን ከሌት አልቋረጥ አለ፤ እናቴ ሥራዋን ትታ በሩን ታያለች። የፈራችው እንደ ደረሰ ሁላችንም ገብቶናል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የክርስትና አባቴ ርሶ ገባ። እናቴ ጋቢ አለበሰችው። ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«አበልጄ፣ ተቀይመውኛል?» አለ የክርስትና አባቴ።

«ኧረ በምን አፌ!» አለ አባቴ።

«እንግዲያው እውነቱን ልንገርዎ። እኔ ራሴ የመረጥሁት እርስዎን ነው። የራሴን ሥዕል ሳየው አፈርሁ።»

አባቴ ቀና አለ። «እኔም እርስዎን ነው የመረጥሁ፤ ማርያምን!»

ሳቁ፣ ሳቁ፣ እንባቸው እስኪመጣ። እናቴ ከጓዳ በር ላይ ሆና በደስታ መያዣ መጨበጫው ጠፋት። «እኔም እኮ ለእርስዎ ነው የሰጠሁ፤ እንዳይቀየሙን ብዬ» አለችው የክርስትና አባቴን።

የአባቴ ሳቅ ቀስ ብሎ ጠፋ። «እንግዲህ ከዚህ ቤት ፈረሱን የመረጠ የለም ማለት ነው» አለ። ቀልድ ሊያደርገው ፈልጎ ነበር፤ ድምፁ ግን እምቢ አለው።

«እኔ መርጫለሁ» አልሁ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። የክርስትና አባቴ ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ። «ደግ አደረግህ ልጄ! አባቱን ያልመረጠ ልጅ ይዤ ለእግዜር ምን እመልስ ነበር?» አለ።

ሲመሽ አበልጁን እስከ አስፓልቱ ሸኝቶት ተመለሰ። እናቴ እፎይ ብላ እራት ታቀራርባለች። እሱ ከአጠገቤ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እውነትህን ነው?» አለኝ።

«እውነቴን ነው» አልሁት።

አሁን የሚቀጥለው ምርጫ ወሬ ሲነሳ ሁለቱም አይሰሙም። ለቡና ይጠራራሉ፣ አንዱ ሲታመም ሌላው ይጠይቀዋል፣ ዛሬም «እርስዎ» ይባባላሉ። አባቴ ግን አልፎ አልፎ፣ እናቴ ከአጠገባችን ስትርቅ፣ ከየት እንዳመጣው ሳላውቅ «እውነትህን ነበር?» ይለኛል። ምኑን እንደሆነ አልጠይቀውም። እንደ መጀመሪያው ቀን «እውነቴን ነው፣ አባዬ» እለዋለሁ፤ ራሱን ይነቀንቅና ወደ ጓሮ ይወጣል።