ለሠርጉ የተሞላችው የአባቴ ጠመንጃ

የሚስቴን ወንድም ባየሁት ቁጥር እስከ ዛሬ ጨጓራዬ ይላጣል። ሰላም እለዋለሁ፣ ከአንድ ማዕድ እንበላለን፣ አብረን እናስቀድሳለን፤ ግን ይላጣል። በዚህ ዕድሜህ ንዴት ምን ያደርግልሃል ይሉኛል። ጥርሴ ካለቀ ወዲህ ሳልቸገር የማኝከው እሱን ብቻ ነው፤ ይተዉልኝ እንጂ!

ጦርነቱ ካበቃ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፣ ታላቋን ልጄን ስድር። ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ባለው ቤታችን አባቴ ያወረሰኝ አንድ ጠመንጃ ነበረች። ፋብሪካ የወለዳት ናት፤ ጎኗ ላይ የፈረንጅ ጽሕፈት ነበረባት። ባሩዱም እርሳሱም በአፈሙዟ ይገባና በዘንግ ይጠቀጠቃል። ይህ ሁሉ እስኪሆን ጠላት ከቦታው እንዳይሄድ መለመን ስላለበት «ቆመህ ጠብቀኝ» ይሏታል። እኔ በእሷ የመታሁት ነገር ቢኖር የገዛ አህያዬን ጆሮ ነው። ያነጣጠርኩት ዝንጀሮ ላይ ነበር።

በቤታችን ደንብ፣ ሴት ልጅ ስትዳር የሙሽራው አጃቢ ዳገቱን ጨርሶ ብቅ ሲል ያች ጠመንጃ ትተኮሳለች። ተኳሹ የሙሽራዋ ወንድም ነው፤ ሰደፉን ትከሻው ላይ አሳርፎ፣ በሰው ሁሉ ፊት። ልጅቱ ሰው አላት ማለት ነው። ችግሩ፣ ከሰልና ድኝ እየወቀጡ ጥቁሩን ባሩድ ያዘጋጁልን የነበሩት የጋዝጊብላ ሽማግሌ ሞቱ፤ ሙያቸውንም ይዘውት ሄዱ። «ዘንድሮ ዝም ትበል፤ እልልታ ይበቃናል» ብዬ ተውኩት።

የሚስቴ ወንድም ግን አልተወውም። ወታደር ነበር። ምን ያህል ጊዜ እንዳገለገለ እሱም እርግጠኛ አይደለም፤ ሲያወራው ግን ጦርነቱን ለብቻው የተዋጋው ይመስላል። ለድግሱ ፍየል ልገዛ ኒሯቅ ወርጄ ስመለስ ጠመንጃዋ ከግድግዳው ላይ የለችም። እሱ ሰቆጣ ቀጥቃጭ ዘንድ ወስዶ እሳቱ ወደ ባሩዱ የሚያልፍባትን የኋላ ቀዳዳ አስቦርብሮ፣ ይዟት ሲመጣ በር ላይ ተገጣጠምን።

«አሠለጠንኳት፣ ጋሼ!»

«ምን አደረግሃት?»

«ከእንግዲህ ጥቁር ባሩድ አትለምንም። የክላሽ ጥይት ፈልፍለን የሱን ባሩድ እናጎርሳታለን። ጭስ የለ፣ ጥቀርሻ የለ። ዘመናዊ ሆነች!»

«አሮጊት ናት እኮ! ይህን ባሩድ የት ታውቀዋለች?»

«እርስዎ ደግሞ ይፈራሉ።»

«እፈራለሁ! የምፈራው ግን አንተን ነው!»

ንዴቴን ይዤ ቀጥቃጩ ዘንድ ሄድኩ። «ብረቷ ይችለዋል?» አልኩት። «እኔ ቀዳዳውን ነው የሠራሁት፣ ጋሼ፤ ስለ ብረቷ ባለቤቷ ያውቃል» አለኝና መዶሻውን አነሳ። ባለቤቷ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ የማውቀው የአህያ ጆሮ ነው። እየተሳደብኩ ተመለስኩ፤ የምሰድበው ሰው መንገድ ላይ ስላጣሁ አንድ ቁልቋል ሰደብኩ።

የሠርጉ ዕለት ዳሱ ሞልቶ ሳለ የሚስቴ ወንድም ጠመንጃዋን በሰው መሐል ይሞላ ጀመር። አባቴ ባሩድ የሚሰፍርባት አንዲት የቀንድ ቁራጭ ነበረችው። የሚስቴ ወንድም ያችን አውጥቶ በክላሹ ባሩድ እስከ አፏ ጢም አደረጋት።

«አንተ!» አልኩት። «ክላሽ ራሷ የምትጎርሰው ከዚህ ትንሽ ቁንጥር ነው፤ በዚያችው ወንዝ ተሻግራ ትገድላለች። ሽሮና ሚጥሚጣ በአንድ ማንኪያ ይሰፈራል?»

«የአባትዎን መስፈሪያ ላጉድል? እሳቸው የሰፈሩትን ቀንሼ በልጅ ልጃቸው ሠርግ ላዋርዳቸው?»

የሚያናድደኝ ይህ ነው! ዳስ ሙሉ ሰው፣ ያውም ጢም ያበቀለው ሁሉ፣ እሱን ደግፎ ራሱን ነቀነቀ። የሟች መስፈሪያ አይጎድልም! አንዱማ «በሳቸው ስም ትንሽ ጨምርበት እንጂ» አለ። አባቴ ቢሰማ በቀንዷ ግንባሩን ባለው ነበር።

ወንዱ ልጄ ጠመንጃዋን ተቀበለ። በዚያው ጊዜ አጃቢው ዳገቱ ላይ ብቅ አለና እልልታው ቀለጠ። ልጄ ሰደፉን ወደ ትከሻው፣ ጉንጩን ወደ ብረቱ ሲያስጠጋ አየሁት። ተስፈንጥሬ ያዝኳት። ተስፈንጥሬ ስል፣ በኔ አቅም ነው፤ ጋቢዬ ጠልፎኝ በጠመንጃዋ ላይ ወደቅኩ ማለት ይቀላል።

«አባቴ፣ አያዋርዱኝ! እንግዳ እያየኝ ነው!»

«ይይህ! ነገ የሚያዩት ፊት እንዲኖርህ ነው!»

ፍየሎቹ በመጡበት ገመድ ጠመንጃዋን ደጃችን ካለው የወይራ ዛፍ ባላ ላይ ጠፈርኳት። ለቃታዋ የሚሆን ሌላ ገመድ አልነበረም፤ የሚስቴን መቀነት ከወገቧ ፈትቼ አሰርኩባት። ሚስቴ የጮኸችው ጩኸት ለተኩሱ ይበቃ ነበር።

አጃቢዎቹ ደርሰው ቆሙ። «ጠመንጃቸውን እንደ ፍየል አስረዋታል!» አለ አንዱ ሚዜ። «ሙሽራዋስ ታስራ ነው የምትሰጠን?» ሳቁ ተንጫጫ። ልጄ አንገቱን ደፋ። እኔ ሰውን ሁሉ ከወይራው አባርሬ፣ ከግቢው የድንጋይ ካብ ጀርባ በነጩ ጋቢዬ አፈር ላይ በሆዴ ተኝቼ መቀነቱን ሳብኩ። ቋጠሮው አመለጠና ወደ ኋላ ተንከባለልኩ። አሁንም ሳቁ። እየተሳደብኩ ሄጄ እንደ ገና ቋጠርኩት። ተመልሼ ተኛሁና ሳብኩ።

ምድር ተሰነጠቀች አልኩ።

የሚስቴ ወንድም ጭስ የለም ያለው እውነቱን ነው፤ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። ሰደፏ ለሁለት ተተርትሯል። ከቃታዋ በላይ፣ ልጄ ጉንጩን ሊያሳርፍበት የነበረው ብረት፣ የለም። ወይራው ግንድ ውስጥ ጠልቆ አገኘነው። ልጄ አየው፤ ጉንጩን በመዳፉ ዳሰሰና እህቱን ሊያወጣ ገባ።

እንግዶቹስ? እልልታ! እንዲህ ያለ ተኩስ አይተው አያውቁም። ደንባችን መስሏቸው ነው። የሚስቴ ወንድም መሐል ገብቶ «ሰማችሁ? ሰሃላ ድረስ ተሰምቷል!» ይላል። በሰደፉ ልለው ፈልጌ ነበር፤ ሰደፍ የት አለ? ከዚያን ዕለት ጀምሮ ቤቴ እንዳይደርስ አልኩ። የአባቴን ጠመንጃ ስላጠፋ ብቻ መስሎት ነበር።

ሠርጉ ካለፈ በኋላ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ለይቅርታ መጣ። ድንጋይዋ ጡጫ የምታህል ነበረች።

«ይህች ለምኑ ናት?» አልኩት።

«ለጠመንጃዋ ነው፣ ጋሼ። ይማሩኝ።»

«ለልጄ ፊት የሚሆነውንስ ቤት ረሳኸው?»

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸው እንዳይታይ አፋቸውን በጋቢ ሸፈኑ። እሱ ግን ፊቱ ተለዋወጠ፤ ያን ዕለት ምን ሊያደርግ እንደነበር የገባው ገና አሁን መሰለኝ። ተነስቶ ወደ ወንዙ ወረደ። ሲመለስ ጎብጦ፣ እያለከለከ፣ ሁለት ሰው የሚያነሳው የሚመስል ድንጋይ ጫንቃው ላይ ነው።

«ይበቃዋል፣ ያውርድ በሉት» አሉኝ ሽማግሌዎቹ።

«ማውረድ የኔ አይደለም። ባለ ጉንጩ ይምጣና ያውርድለት።»

ልጄ መጣ። አጎቱን ከላይ እስከ ታች አየውና ድንጋዩን አወረደለት፤ ትከሻውንም አራገፈለት። ልጄ ከኔ ይሻላል። እኔም «ምሬሃለሁ» አልኩ፤ ሽማግሌ ፊት ሌላ ምን ይባላል? ጠላም በእጄ ቀድቼ ሰጠሁት፤ ከጋኑ ሥር፣ አተላው ከተኛበት በኩል።