ዝግባው የወደቀባት የግንድ ቤት

ጥርባ ሐይቅ አጠገብ፣ ጥብቁ ደን ውስጥ አንዲት አሮጌ ቤት አለች። ግድግዳዋ ድንጋይም ጭቃም የለውም፤ የጥድ ግንድ በግንድ ላይ እየተጋደመ፣ ማዕዘኑ ላይ እርስ በርሱ ተቆላልፎ የቆመ ነው። ዘውድነሽ የደኑ ጥበቃ ሆና ስትቀጠር ማረፊያ እንድትሆናት የተሰጠቻት ይህች ቤት ነበረች። አልወደደቻትም። ትጨልማለች፣ ትቀዘቅዛለች። እንጅባራ ባጃጅ የሚነዳው ባሏ ደርበው ስንቅ ይዞላት ሲመጣ፣ «የብሎኬት ቤት ይሥሩልኝ ብዬ አመልክቻለሁ» ትለው ነበር።

በነሐሴ አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ደኑን ዞራ ስትመለስ ዝናብ ያዛት። ገብታ በሩን እንደ ዘጋች ነፋሱ በረታ፤ ደጅ ያለው ትልቁ ዝግባ ሲሰነጠቅ ሰማች። ለመውጣት ጊዜ አልነበራትም። ግድግዳው ሥር ተጠግታ ኩርምት አለች፤ ከአፏ የወጣው «ጊዮርጊስ» የሚል ብቻ ነበር።

ምድር ተናወጠች። ዐይኗን ስትገልጥ የጣራው ቆርቆሮ ተጨማዶ፣ ከአናቷ በላይ ቅጠልና ሰማይ ይታያል። ያ ሁሉ ዝግባ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተጋድሟል። ግድግዳዎቹ ግን ንቅንቅ አላሉም።

ደርበው ስንቁን ይዞ ሲደርስ ዛፉን ከቤቱ ላይ አየና ስንቁን መሬት ጣለ። እሷ በመስኮት ስትወጣ ሮጦ ፊቷን በሁለት እጁ ያዘ።

«የት ላይ መታሽ?»

«አልነካኝም» አለችው። «እስቲ ዞር ብለህ ግድግዳውን እየው።»

ዝናብ እየመታቸው ሁለቱም ቆመው ቤቱን አዩ።

በማግስቱ የሰፈሩ ሰው ዛፉን ሊያነሳ መጣ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አባባ ይኸነው ነበሩ፤ ቤቱን ከሠሩት አንዱ አባታቸው ናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው መዳፋቸውን ማዕዘኑ ላይ አሳረፉና በአገውኛ ቀስ ብለው አንድ ነገር አሉ። ዘውድነሽ የእናቷ ቋንቋ ስለሆነ ገባት፤ የአባታቸውን እጅ እየመረቁ ነበር።

«አባባ፣ ይህን ሁሉ እንዴት ቻለው?» አለቻቸው።

«ምስማር የለውም፣ ልጄ። ሲጫኑት መቆላለፊያው ይብስ ይጠብቃል።»

እሷም መዳፏን ከእጃቸው አጠገብ አሳረፈች። ሥሩ ስታድር የከረመችውን ግድግዳ ገና ያን ቀን ያየችው መሰላት።

የብሎኬቱ ቤት ኋላ ተፈቀደ፤ የመሣሪያ ማስቀመጫ ይሁን ብላ እሷ እዚያው የግንዱ ቤት ውስጥ ቀረች። ባለፈው ጥር አንዱን የታች ግንድ ምስጥ በልቶት ሲለወጥ፣ የአዲሱን ጫፍ አባባ ይኸነው እያሳዩዋት የጠረበችው ራሷ ናት። ግንዱ ገብቶ ሲገጥም መጥረቢያዋን መሬት አስቀምጣ መዳፏን መጋጠሚያው ላይ አሳርፋ ቆየች። ሥራው ማለቁን ያዩት ሽማግሌውም እንሂድ ብለው አልጠሯትም።