የአብዱልሃሚድ ግራ እጅ

አብዱልሃሚድ ከሐረር ድንበር ተሻግሮ መጥቶ ጋአን ሊባህ በሚባል ሰፈር ውስጥ ልብስ መስፋት ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ባለፈው ረመዳን ስትሮክ መታው። መናገሩም መራመዱም ተመለሰለት፤ ግራ እጁ ግን አመፀ። ቀኙ የቆለፈውን የሸሚዝ ቁልፍ ግራው ተከትሎ ይፈታል። ቀኙ ወደ መርፌው የገፋውን ጨርቅ ግራው ጎትቶ ያወጣል። ሚስቱ ሀሲና ጂን ነው ብላ ቁርአን አስቀራችበት። ጎረቤቱም በየተራ እየመጣ መድኃኒት አዘዘ። እሱን ሁሉም ሰለቸው።

የባሰው ዳሀቦ ፊት የሆነው ነው። ዳሀቦ ድሬዳዋ ያደገች፣ ሱቁን በሰው የሞላችለት ደንበኛ ናት። የልጇን የሰርግ ልብስ በቀኙ አንስቶ ሊያሳያት ሲል ግራው ነጥቆ ዘረጋላት። በግራ መስጠት ንቀት ነው። አልተቀበለችም። እስከ ሐሙስ ካላለቀ ጨርቋን እንደምትወስድ ነግራው ወጣች። እሷ ከሄደች ሌሎቹም እንደሚከተሉ ያውቃል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል የምትማረው ልጁ ናዋል የሐኪሙን ወረቀት ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። አንጎል ሁለት ግማሽ መሆኑን፣ ሁለቱን የሚያገናኝ የነርቭ ጥቅል መኖሩን፣ የእሱም እዚያ ላይ መጎዳቱን አስረዳችው። በዚህ ቢበቃት ደግ ነበር። ከትንንሾቹ ጦጣዎች ወደ ቺምፓንዚና ወደ ሰው ሲመጣ አንጎሉ እየተለቀ፣ ማገናኛው ግን በዚያው ልክ ሳይወፍር መቅረቱን ቀጠለች። ስለዚህ ሁለቱ ግማሾች ብዙውን ሥራ ለየብቻ መሥራት ለመዱ።

«ሱብሓነላህ፣ ዳሀቦን ያስቀየማት ጦጣ ነው ልበላት?» አላት።

«አባ፣ ጨርቁ ትልቅ፣ የሚያገናኘው ስፌት ግን ጥቂት ነው ማለቴ ነው። ያንተ ደግሞ ያ ጥቂቱ ተተረተረ።»

የስፌት ነገር ይገባዋል።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ሐኪሙ የጻፈውን። ግራው ባዶውን አይሁን፤ የሚይዘው ስጠው።»

የክር ጥቅል አስያዘው። ግራው ጨብጦ ዝም አለ። አብዱልሃሚድ በቀኙ ብቻ፣ እየፈታና እየተሳደበ፣ የሁለት ቀን ሥራ በአምስት ቀን ጨረሰ።

ሐሙስ ዳሀቦ ታናሽ ልጇን አስከትላ መጣች። ልብሱን በቀኙ ሰጣት። ስፌቱን ገልብጣ አየች፤ ከዚያ የተጨበጠውን እጅ።

«እሱስ ምን ይዟል?»

«ሥራ ሰጥቼው ነው፤ እንዳያሰድበኝ።»

ሳቋን መያዝ አቃታት። የታናሽየዋንም ልብስ እሱው እንዲሰፋ፣ አሁኑኑ እንዲለካት ነገረችው። ሜትሩን ለመዘርጋት ሁለቱም እጆች ያስፈልጋሉ። ክሩን ልቀቅ ቢለው ግራው ደግሞ እምቢ አለ። ሀሲና ከጓዳ ወጥታ እያጉረመረመች ጣቶቹን አንድ በአንድ ማላቀቅ ጀመረች።