በሽርጥ የጠለለ ባሕር

ከእንጦጦ ጫፍ ሆኖ ቁልቁል ለሚያይ የማይታይ ነገር የለም፤ ባሕር ብቻ ነው የጠፋው። እኛ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን ባሕርን የሚያውቅ ሰው አለን፤ የጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ሾፌሩ ነጅመዲን። ስለ ባሕር ሲጠየቅ የሚያወራው ስለ ሙቀቱ ብቻ ነው። ከዚያ ሌላ የሚታወቀው በንጽሕናው ነው። ጫማውን ያላራገፈ ሰው መኪናው ላይ አይወጣም። ሚስቱ ዘሙሩድ እንዲያውም፣ ሳሙናውን ራሱን ሳያጥብ አይታጠብበትም ትላለች።

ከበላያቸው የምትኖረው ዳርቱ አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ትሠራለች። የባሕር ውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ነገሮችን፣ የሞተ አልጌ፣ ዝልግልግ፣ የትንንሽ ፍጥረታት ኩስ፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ታያለች። ባሕር በሌለው አገር ይህን መምረጧ የራሷ ጉዳይ ነው። የመሣሪያው ወረፋ ረጅም ስለሆነ፣ ተራዋ ሲቃረብ ነጅመዲን አንድ ጀሪካን የባሕር ውኃ እንዲያመጣላት ለመነችው።

አመጣ። ደጃፉ ላይ ስትቀበለው ጀሪካኑን ወደ ብርሃን አነሳች። ውኃው ኩልል ያለ ነበር።

«ጋሼ፣ ምን አደረጉት?»

«ቆሻሻ ነበረው፤ አጠለልኩት» አለ፣ ምስጋና እየጠበቀ። «ለሰው እንዲያ ያለ ነገር ይሰጣል?»

«በምን?»

«በሽርጤ።» ፊቷን አየና «ታጥቧል» ብሎ ጨመረ።

እሷ የፈለገችው ቆሻሻውን ነበር። ተራዋ ደግሞ በማግስቱ ነው፤ ካለፈ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ነጅመዲን ነገሩ ሲገባው አንገቱን ደፋ። ምናልባት ቆሻሻው ቀርቶበት እንደሆነ ብሎ ያገለደመውን ሽርጥ እዚያው ፈትቶ ሊሰጣት ሲል ዘሙሩድ ከለከለችው።

ምርጫ ስላልነበራት ያንኑ ውኃ ይዛ ሄደች። የጨርቅ ቀዳዳ ለእኛ ጠባብ ይምሰል እንጂ ለእሷ ደቃቆች ከመገናኛ አደባባይ ይሰፋል። በራሷ ረቂቅ ማጥለያ እንደገና አጥልላ የቀረውን አደረቀች፤ መሣሪያው አጥርቶ እንዲያሳየው እንደ ልማዳቸው ስስ ወርቅ ቀባችው። ፎቶው ላይ ዝልግልጉም ኩሱም ሞልቶ ተገኘ። መሐል ላይ አንድ ክር እንደ መርከብ ገመድ ተጋድሟል።

አንድ ቅጂ ለነጅመዲን አመጣችለትና፣ ወርቅ የተቀባው ክር የሽርጡ መሆኑን ነገረችው። እሱ ሳቀ። ዘሙሩድ ግን ፎቶውን ተቀብላ ብዙ አየችው።

«ከኒካህ ጀምሮ አንገቴ ያላየው ወርቅ» አለች፣ «ለሽርጡ ደረሰ።»

ፎቶው አሁን መኪናው ውስጥ ተሰቅሏል። ሳይሰቅለው በፊት ወልውሎታል።