ቀይ ቅጠል ፍለጋ ከአማቴ ጋር

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ኦክቶበር መጨረሻ ላይ፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር እያለሁ ነው። እንደዚያ ቀን ደንግጬም፣ አፍሬም፣ ደስ ብሎኝም አላውቅም። ሁሉም የመጣው በአንድ ቅጠል ምክንያት ነው።

የራሴ እናት ከሞተች ቆይታለች። ስለዚህ የባለቤቴ እናት፣ እማማ ዘነቡ፣ ሊያርሱኝ ከአዲስ አበባ ሲመጡ በደስታ የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኝ ነበር።

ደስታው ግን አልቆየም። ባለቤቴ በጠዋት ሳኒቬል ወዳለው ሥራው ይሄዳል፤ እኔ ጥርስ ክሊኒክ ሪሴፕሽን ላይ እውላለሁ። እማማ ኦክላንድ፣ ሌክ ሜሪት የሚባለው ሐይቅ አጠገብ ባለችው አፓርታማችን ከግድግዳ ጋር ሲፋጠጡ ይውላሉ። ሊፍት ውስጥ ሰላም ቢሉም ሰው ስልኩን እያየ ይወርዳል። እኔ ደግሞ እንግዳ ናቸው ብዬ ሥራ አላስነካቸውም፤ ሰሃን ሊያጥቡ ሲነሱ ሮጬ እነጥቃቸዋለሁ። አክባሪ ምራት መሆኔ ነው እንግዲህ።

አንድ ቅዳሜ ቁርስ ላይ፣ "ልጄ፣ ትኬቴን አስለውጪልኝ። እዚህ ምን እሠራለሁ? የሚፈልገኝም የለ" አሉኝ።

እሳቸው ከሄዱ ወልጄ ከሆስፒታል ስወጣ ባዶ ቤት መግባቴ ነው። "አይሂዱብኝ" ማለት ሲገባኝ ግን አፌ ያመጣልኝ ሌላ ነበር።

"እሺ እማማ። መጀመሪያ ግን ቀይ ቅጠል እንይ።"

ቨርጂኒያ ያለች የእህታቸው ልጅ ከቀላ ዛፍ ሥር የተነሳችውን ፎቶ ልካላቸው፣ "እናንተ ጋስ መቼ ነው የሚቀላው?" እያሉ ሲጠይቁኝ ሰንብተዋል። የሥራ ጓደኞቼ "ካሊፎርኒያ ፎል የሚባል የቅጠል መርገፊያ ወቅት የለም" ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን ቀኑን በሆነ ነገር መግፋት ፈለግሁ።

ሐይቁን ዞርን። ያገኘነው አንድ ዛፍ ብቻ፣ እሱም ግማሽ ጎኑ የገረጣ። "ይሄማ ውሃ ጠምቶት ነው" አሉ እማማ። መኪና ይዘን ወደ ኦክላንድ ኮረብታዎች ወጣን። እዚያ ደግሞ ሬድውድ የሚባለው ግዙፍ ዛፍ ሁሉ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ነው።

ተስፋ ቆርጠን ልንመለስ ስንል ከእግር መንገዱ ዳር አንድ ቁጥቋጦ እንደ በርበሬ ቀልቶ አየን። የእማማ ፊት በራ። እኔ ስልኬን ከቦርሳዬ እስካወጣ ድረስ እሳቸው ቅጠሉን ከነቅርንጫፉ ቀነጣጥበው ታቅፈውታል።

"ነይ ያዢ፣ አንቺም ተነሺ" ብለው ወደ እኔ ዘረጉት።

"ኖ! ኖ! እንዳትነኩት!"

ውሻ የያዘች ጠና ያለች ጥቁር አሜሪካዊት እየጮኸች ወደ እኛ ትሮጣለች። እማማ ኮስተር አሉ። "ምን ሆናለች? የዱር ቅጠልም ይከለከላል? ሌባ መሰልኳት እንዴ?" እኔም የፓርኩን ሕግ የጣስን መስሎኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። "ሶሪ፣ ሶሪ" እላለሁ።

"ፖይዝን ኦክ ነው፣ ሃኒ! ቆዳ ያቆስላል!" አለችኝ።

"እማማ፣ መርዝ ነው! ይጣሉት!"

ጣሉት። ልደግፋቸው ስጠጋ ግን እጃቸውን ወደ ኋላ ደብቀው ማፈግፈግ ጀመሩ።

"አትጠጊኝ! ወዲያ ሂጂ! ነካሽ? ሆድሽን ነካሽ ወይ?"

"አልነካኝም" ብላቸውም አላመኑኝም። ስለ ራሳቸው አንድም ቃል አልጠየቁም። እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ የፈሩት ለእኔ ነበር።

ሴትዮዋ ግሎሪያ ትባላለች። መኪናዋ ቅርብ ስለነበር ለውሻዋ የያዘችውን ውሃና ሳሙና አመጣች። እጅጌ ይሰብሰብ ብላ በምልክት አሳየቻቸው። ከዚያ በኋላ አስተርጓሚ አላስፈለገም። እማማ ጎንበስ ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ እሷ ቀስ እያደረገች አፈሰሰችላቸው። ልክ አገራችን ትልቅ ሰው እጁን እንደሚያስታጥቡት። በሳሙና እየፈተጉ እስከ ክርናቸው ድረስ ደጋግመው ታጠቡ። ቅጠሉን የታቀፉበትን ነጠላቸውን ፌስታል ውስጥ አሰርነው።

ሲጨርሱ ቀና ብለው መረቋት። "እጅሽ ይባረክ! ውለጂ፣ ክበጂ!"

ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ። ስነግራት በሳቅ ፈረሰች፤ የልጅ ልጆቿ ኮሌጅ ገብተዋል።

"ቅጠል ከሆነ የፈለጋችሁት ጫካ ውስጥ አትፈልጉት። የኦክላንድ ፎል ያለው ሰው ደጃፍ ላይ ነው" አለችና ወደ ሰፈሯ እየመራች ወሰደችን።

መንገዱ ግራና ቀኝ በዛፍ የተሰለፈ ነው። ቀይ አለ፣ ብርቱካናማ አለ፣ ወይን ጠጅ አለ። የእግረኛው መንገድ በቅጠል ተሸፍኖ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ግሎሪያ አንዱን አንስታ ስትሰጣቸው እማማ እጃቸውን ከኋላቸው ደበቁ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ጎረቤቶቿ ከበረንዳቸው ወርደው እማማን አንድ በአንድ ጨበጧቸው። አንዱ ሽማግሌ ኖቬምበር ላይ ሳን ሆዜ ያሉትን ቢጫ ዛፎች ሳያዩ እንዳይሄዱ አደራ አለኝ። "ንገሪው፣ እናያለን በይው" አሉኝ እማማ። እኔ ግን ትኬቱን ለማንሳት አልደፈርኩም።

በነጋታው እማማ አንድ የእጅ አንጓቸው ላይ ትንሽ ሽፍታ ወጣባቸው። ቅባት ይዤላቸው ስሄድ ከመኝታ ቤታቸው ድምፅ ሰማሁ። አዲስ አበባ ካለች እህታቸው ጋር በስልክ እያወሩ ነው።

"እንዴት ብዬ እመጣለሁ? ይቺን ልጅ ለማን ትቻት? ገና መርዙን ከቅጠሉ አትለይም እኮ!"

ቅባቱን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ትኬቱ እንደማይለወጥ ገባኝ፤ በደስታ በሩን አንኳኳሁ።

ልጄ የተወለደችው እሳቸው በር ላይ እየጸለዩ ነው። እስከ ፋሲካ አርሰውኝ፣ ቤቴን እንደ ቤታቸው አዝዘውበት ሄዱ፤ ሰሃን ሲያነሱም አልነጠቅኳቸውም። ዘንድሮ ቅጠሉ ሲቀላ ያን ቀን እያስታወስኩ ብቻዬን እስቃለሁ፣ እናት እንዳለኝም ይሰማኛል። እማማ አሁንም ለዘመድ ሁሉ ከመርዝ እንዴት እንዳዳኑኝ ያወራሉ። ቅጠሉን የቆረጡት ራሳቸው እንደነበሩ እስከ ዛሬ አላስታወስኳቸውም፤ ወደፊትም አላስታውሳቸውም።