እሑድ በማያርፍ አገር

ለሥራ ወደ ጅቡቲ ስንሄድ ከአቃቂ ጣቢያ የተሳፈርነው ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። ባለቤቴ አስካለ የታመመች እናቷን ጥላ መምጣት አልቻለችም፤ ልጆቹን ለእኔ አስረከበች። ትዕግሥት ዐሥራ ስድስት ዓመቷ፣ ዮሴፍ ዐሥራ አራት። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ከመስኮቱ ሥር እየሮጠች፣ «ቅዳሴ እንዳታስቀራቸው! ሌላው ይቅር፣ ሰምተሃል?» አለችኝ። ማልኩላት። ሃያ ዓመት ሐዲድ የጠገንኩ ሰው ሁለት ልጅ ማስቀደስ ያቅተኛል እንዴ ብዬ።

ጅቡቲ ወደብ የመጋዘን ጥበቃ ገባሁ። አገሩ እሳት ነው ወገኖቼ! የአቃቂን የሐምሌ ጭቃ ስናማ ኖረን፣ እዚያ ጭቃው ራሱ ናፈቀኝ። ዳቦው እንደ ዱላ ይረዝማል እንጂ አያጠግብም። ይህን ሁሉ ቻልኩት፤ ያልቻልኩት እሑድን ነው። እዚያ የሚታረፈው ዓርብ ነው፤ እሑድ ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት ነው። የእኔዎቹ ግን ነጠላቸውን ለብሰው ከእኔ ጋር ቤተ ክርስቲያን።

በሁለተኛው ወር የትምህርት ቤታቸው ዲሬክተር አስጠራኝ። ድሬዳዋ ያደገ ነው፣ አማርኛ ይችላል፤ እኔ ግን እንደ አገሬው በፈረንሳይኛ «ሙሴ» እለዋለሁ፣ ጌታዬ ለማለት።

«አባት፣ ልጆችዎ እሑድ የት ነው የሚሄዱት?»

«ያስቀድሳሉ።»

«ዓርብ ያስቀድሱ፤ ዓርብ ዝግ ነን።»

«ዓርብ እንጾማለን ሙሴ፣ ሰንበቱ እሑድ ነው። ቀኑን እኔ አልቆረጥኩትም።»

«የእኛንም እኔ አልቆረጥኩትም። የፊታችን እሑድ ፈተና ነው፤ ከቀሩ ቦታቸውን ለሌላ እሰጣለሁ።»

«ይስጡ!» ብዬው ወጣሁ።

ቤት ገብቼ፣ «ፈተና የሚባል የለም» አልኩ። ዮሴፍ አለቀሰ። ትዕግሥት ግን ፊት ለፊቴ ቆመች።

«አባዬ፣ አቃቂ እያለን ቅዳሴ የሚወስደን ማን ነበር?»

«እናትሽ።»

«አንተስ?»

«ሐዲድ ላይ ነኛ! ባቡር እሑድ ያርፋል?»

«ታዲያ ያኔ ለራስህ ያልከለከልከውን ዛሬ ለእኛ ለምን ትከለክላለህ?»

እጄን አነሣሁ፤ መልሼ አወረድኩት።

እሑድ ደብተራቸውን ይዘው ሲወጡ አልከለከልኳቸውም። ብቻዬን ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ቆምኩ። ምእመኑ ሲሰግድ እኔ ዘገየሁ፣ ሲነሣ እኔ ተደፍቼ ቀረሁ። ለካ እስከዚያን ቀን ስሰግድ የኖርኩት ልጆቼን እያየሁ ነው።

ስወጣ አቃቂ ጎረቤት ቤት ደውዬ አስካለን አስጠራኋት።

«አስቀደሳችሁ?»

«አስቀደስኩ።»

«ልጆቹስ?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«ሰውዬ፣ ልጆቼስ አልኩህ!»

ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማኛል።

«አይሰማም አስኩ» አልኳት፣ «መስመሩ አይሰማም።»